የጫልቱን መርዶ ማን ይንገር

ከጎባ የወጣነው በገብስ ጭነት ላይ ተጋድመን ነው። መሸት ሲል፣ ጉሙ ከሳነቴ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው፣ እማዬ የገብስ ጭኮ በቆርቆሮ ሞልታ ለእኔ አቀበለችኝና ከላይዋ ላይ ጋቢዋን ገፍፋ እህቴን አለበሰቻት። «ጅቡቲ እኮ ብርድ የለም ይላሉ» ብላት ተቆጣችኝ። «ዝም በል አንተ! ብርድ የሌለበት አገር የት አለ?» አለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጅቡቲን በዓይኔ እስካያት ድረስ እኔም አላመንኩም ነበር።

ያስኮበለለን ዘፈን ነው። እህቴን ጫልቱን የማታውቋት ካላችሁ ልንገራችሁ። ክራሯን በገዛ እጇ ነው የሠራችው። ጅማቱ ሲበጠስባት ጋራዥ ሄዳ የፍሬን ሽቦ ትለምንና ተርትራ ትወጥረዋለች። በአጨዳ ጊዜ ሲናና ድረስ በእግሯ ሄዳ ከአጫጆች ጋር ትውልና ዜማቸውን ይዛ ትመለሳለች፤ ስትዘፍነው ግን የማንም ያልነበረ የራሷ ነገር ሆኖ ይወጣል። ሠርግ ላይ «ያንን የባለፈውን ድገሚልን» ሲሏት «ያ አልፏል» ትላለች። አንድ ጊዜ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቋት መጡ። «ልጁ ሰፊ እርሻ አለው» ቢሏት፣ «ዝም ብሎ ነው የሚያርሰው ወይስ እያንጎራጎረ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ በዚያን ቀን በሳቅና በንዴት መሃል ሊሞት ነበር።

በቃላድ ገመድ የሚደረገው የመሬት ልኬታ በበረታበት ዓመት አንድ ሹም ድግስ ደግሶ እንድታወድሰው አስጠራት። ገበሬዎቹ ከበሩ አካባቢ ቆመዋል። መጀመሪያ በኦሮምኛ ዘፈነች። ሹሙ ቋንቋውን ስለማያውቅ ዜማው ጣፍጦት ያጨበጭባል፣ ገበሬዎቹ ግን መሬት መሬት ያያሉ። ስትጨርስ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችና «ጌታዬ፣ ሳይገባዎት እንዳይቀር» ብላ በአማርኛ ደገመችው፦

ማሳችን አለቀ በቃላድ ተለክቶ፣
መቃብር ደረሰ ገመዱ ተጎትቶ።

ሊያስሯት እንደሆነ ዘበኛ የሆነ ዘመዳችን በማግስቱ ሹክ አለን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የትም ብሄድ እበላለሁ፤ እሷን ብቻዋን መስደድ ግን አልሆነልኝም። ከገብሱ መኪና ወርደን በሌላ መኪና ድሬዳዋ ደረስን፣ ከዚያ ባቡሩ ጅቡቲ ጣለን።

ወገኖቼ፣ ሙቀቱ ሌላ ነው! ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ራሱ የምድጃ ትንፋሽ ነው። ያ ሁሉ ጎባ ላይ የምንሸሸው ጉም እዚህ ቢሸጥ ወርቅ ባወጣ ነበር። ሰዉ «ሳቫ?» ይልሃል፣ ደህና ነህ ማለቱ ነው፤ መልሱን ሳይሰማ ያልፍሃል። ሮቤ ገበያ ላይ የከብቱን ደኅንነት እንኳ ሳይጠይቅህ የማያልፈውን ሰው እያሰብኩ እናደዳለሁ።

የመኖሪያ ፈቃድ ልንጠይቅ ኮሚሳርያ፣ ፖሊስ ጣቢያው፣ ሄድን። አስተርጓሚው የድሬዳዋ ልጅ ነው።

«ሥራሽ?»

«ዘፋኝ ነኝ።»

«አሠሪሽ ማነው?»

«ማንም።»

«ግጥም የሚሰጥሽስ?»

«ራሴ።»

ፈረንሳዊው ሹም ብዕሩን ቁጭ አደረገ። «‹ፓ ፖሲብል›፣ አይቻልም ይላል» አለ አስተርጓሚው፤ «አሠሪ የሌለው ሰው እዚህ አይኖርም ነው የሚለው።»

«እሱን ማን ቀጠረው? ጠይቅልኝ» አለች። አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመውም፤ እግዜር ይስጠው። እህቴ የልብስ ሰፊ ረዳት ናት ብዬ ነው የተገላገልነው።

አንድ ቡና ቤት ቀጠራትና መርከበኞች የሚያዙትን ዝፈኚ ሲላት ጥላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ደጃችን ላይ ተቀምጣ ትጫወት ጀመር፤ የባቡር ሠራተኞቹ ይከቧታል። የመናዊው የቤት ባለቤታችን ጠዋት ይመጣና «ደጄን ገበያ አደረጋችሁት፤ ውጡልኝ» ይላል። ማታ ደግሞ ወንበሩን ተሸክሞ ቀድሞ የሚቀመጠው እሱ ነው።

ሳሉ የጀመራት በዚያው ዓመት ነው። ሐኪሙ ሳንባዋ ተጎድቷል አለ። የእማዬን ጋቢ በዚያ ሙቀት ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። «ታዴ፣ ትንሽ ጉም ብታመጣልኝ ምን አለበት?» ትለኛለች። ከየት ላምጣ? ወንድም ሆኜ ያንን ማምጣት አቃተኝ። አዲስ ዘፈን እየሠራች ነበርና ጥቂት አሰሚኝ ብላት «ገና አላለቀም» አለች። ገና ልጅ ነበረች። ዘፈኑን ሳልሰማው ይዛው ሄደች።

ቀበርኳት። ጮኼ ሳለቅስ ጎረቤት ዝም በል ብሎ ግድግዳ ደበደበ። ሬሳው ከወጣ በኋላ ያ የመናዊ ወንበሩን አምጥቶ ባዶው ደጅ ላይ ሲመሽ ብቻውን ተቀመጠ። ያን ሳይ ባሰብኝ።

አሁን የቀረኝ እማዬ ናት። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በማለዳ፣ ከቤቷ ሳትወጣ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይገባል፤ ታላቅ ሰው ይናገራል፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ሆነው ይይዟታል። እኔ ከዚህ ሆኜ ማንን ልሰብስብ? ደብዳቤ እንዳልጽፍ፣ የሚይዛት ሰው ሳይኖር ታስነብበው ይሆናል። ስለዚህ በስልክ የንስሐ አባቷን አባ ኃይሉን ጎባ ስልክ ቤት አስጠርቼ ልነግራቸው፣ ሰው እንዲያሰባስቡ ልለምናቸው ወሰንኩ።

ፖስታ ቤት ሄጄ መስመሩን ስጠብቅ ዋልኩ። በመጨረሻ «ጎባ!» ብለው ጠሩኝ። የስልኩን እጀታ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

«አባ፣ እንዴት አሉ?» አልኩ።

«አከም ጅርታ፣ ታዴ ኮ! እንዴት ነህ የኔ ልጅ?» አለኝ የእማዬ ድምፅ። ታለከልካለች። «የስልክ ቤቱ ተላላኪ፣ ልጅሽ ከጅቡቲ አባን እያስጠራ ነው፣ አለኝ። ከእናትህ የሚቀርብህ ማነው ብዬ እኔው ሮጬ መጣሁ። ደህና ናችሁ? ጫልቱስ? እስቲ አቅርባት፣ ድምጿን ልስማ።»

መዋሸት አልቻልኩም፣ መናገርም አልቻልኩም።

«ትንሽ አሟታል፣ እማዬ» አልኩ።

ከአፌ እንደወጣ ነው መርዶውን መናገሬን ያወቅሁት። ሩቅ ስላለ ሰው እንዲህ ሲባል በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል? ጩኸቷን ጠበቅሁ፤ እዚያ ስልክ ቤት ስትወድቅ ማን እንደሚያነሳት እያሰብኩ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ታዴ» አለች ቀስ ብላ። «አጠገብህ የሚይዝህ ሰው አለ?»

ዞር ብዬ አየሁ። ከጀርባዬ ተራ የሚጠብቁ የማላውቃቸው ሰዎች ቆመዋል፤ የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ቶሎ ጨርስ እያለ በእጁ ያሳየኛል።

«አለ፣ እማዬ» አልኳት።