ጭነት በሰው ራስ ላይ አያልፍም

ከሲ.ኤም.ሲ ጀርባ፣ ወደ ተራራው ጥግ ባለ ሳይት ላይ የታወር ክሬን ኦፕሬተር ነኝ። ሳይቱ ድሮ የአባቴ ማሳ ነበር። ይህን የምናገረው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ ካሳው ተከፍሏል፣ ማሳው ታጥሯል፣ እኔም ሥልጠና ጨርሼ ሥራ ስፈልግ መጀመሪያ የቀጠረኝ ይኸው ሳይት ሆነ። አባቴ ግን ሥራዬን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ጎረቤት "ልጅህ ምን ትሠራለች?" ሲለው "ወደ ታች ነው የምትውለው" ይላል፤ እኔ የምውለው ደግሞ ሰማይ ላይ ነው። ያናድደኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ መጥቶ፣ ይህ ሥራ ነው ቢለኝ እፈልግ ነበር።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ጉልበት ይመስላል፤ አብዛኛው ግን መጠበቅ ነው። ታች ያሉት ሠራተኞች ጭነቱን በብረት ገመድ አስረው መንጠቆው ላይ ያንጠለጥላሉ፣ ምልክት ሰጪው በሬድዮ ይመራኛል፣ እኔ ጋቢናዬ ውስጥ ተቀምጬ የክሬኑን ክንድ አዞራለሁ። ከሁሉ በላይ ያስተማሩን አንድ ሕግ ነው፤ ጭነት በሰው ራስ ላይ አያልፍም። ክሬን ደግሞ እንደ መኪና ፍሬን ይዞ ቀጥ አይልም። ክንዱን ድንገት ካቆሙት ጭነቱ ጉዞውን አይተውም፣ ይወዛወዛል። ስለዚህ ማቆም ያሰበ ሰው ቀደም ብሎ ነው የሚያቆመው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን አንዱ ያፈሰሰውን የሚለቅመው ሌላው ነው።

አባቴ ሳይቱ የገባበት ቀን ሚካኤል ነበር። አጥሩ ከመጣ ወዲህ አባቴ ወደ የካ ሚካኤል የሚሄደው በአስፋልቱ ዞሮ ነው፤ ድሮ ግን መንገዱ በማሳው መሃል ያልፍ ነበር። በሩን ለኮንክሪት መኪና ተከፍቶ ሲያገኘው ገባ። ዘበኛው የሠፈራችን ሰው ነው። በኋላ ሲጠየቅ "በገዛ ማሳቸው እንዴት ልከልክላቸው?" አለ።

እኔ አንድ እስር ፌሮ አንስቼ ክንዱን እያዞርኩ ነበር። ከእንጦጦ በኩል ነፋስ ስለነበረ ቀስ እያልኩ ነው። ምልክት ሰጪው "ክሊር ነው፣ ቀጥይ" ይለኛል፤ የዕቃ ኮንቴይነሩ ስለከለለው አላየም። እኔ ግን ነጠላ የለበሰ ሰው ባዶው ሜዳ ላይ ሲሄድ አየሁ። ማን እንደሆነ አልለየሁም፤ ከዚያ ከፍታ ሰው ሁሉ ራስና ትከሻ ብቻ ነው። ቶሎ ያልፋል ብዬ ነበር። አላለፈም። ፌሮው በሚመጣበት መስመር ላይ ቆመና ጎንበስ አለ።

ጫማውን አወለቀ።

ያን ጊዜ አወቅሁት። እዚያ ላይ አውድማችን ነበር። አውድማ በጫማ አይረገጥም፣ በረከት ይሸሻል ይባላል፤ ልጅ ሆኜ ረስቼ ስገባ ስንቴ ተቆጥቶኛል። ዛሬ ሜዳው ተደልድሎ ጠጠር ፈሶበታል፤ አውድማው ከየት እንደሚጀምር ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ክንዱን ቀስ እያልኩ ያዝኩት። ፌሮው ትንሽ ወደ ፊት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። ክላክስ ልነፋ አሰብኩና ተውኩት፤ የደነገጠ ሽማግሌ ወዴት እንደሚሮጥ አይታወቅም።

"ምን ሆንሽ? ቀጥይ እንጂ" አለ ምልክት ሰጪው።

"ሰው አለ።"

ፎርማኑ ሬድዮውን ተቀበለው። "የምን ሰው? ላይ ያሉት ፌሮ እየጠበቁ ነው። ክላክስ ንፊበት።"

"ሽማግሌ ናቸው። ይጨርሱ።"

"ምኑን ነው የሚጨርሱት?"

መልሱ በሬድዮ የሚነገር አልነበረም። ፎርማኑ ሰው ላከ።

አባቴ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ጠጠሩ እግሩን እየወጋው፣ በቀስታ ተሻገረ። የተላከው ሠራተኛ ሲደርስ ከዚያ ማዶ ሆኖ ጫማውን እያጠለቀ ነበር። ቀና ብሎ፣ አየር ላይ የቆመውን ፌሮ አየ፤ ከዚያ ገመዱን፣ ክንዱን፣ በመጨረሻም ጋቢናውን። እጁን አላነሳም። ሠራተኛው ይዞት ወጣ፣ እኔም ፌሮውን አሳለፍኩ።

ከሥራ ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"ያን ብረት ያቆምሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ አባዬ።"

"ተቆጡሽ?"

"ትንሽ።"

ጫማውን አየ። "ከእንግዲህ በአስፋልቱ እዞራለሁ" አለ። "ያንቺ ሥራ ቦታ ነው፤ ዘው ተብሎ አይገባም።"

"ሥራ" ብሎ ጠራው። ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ስመኝ ነው የኖርኩት፤ የተናገረው ግን አውድማውን አሳልፎ ሰጥቶኝ ነው። ግድ የለም፣ በየሚካኤሉ ና፣ አቆምልሃለሁ ልለው ፈልጌ ነበር። አይቻልም፤ ጭነት ያለበት ቦታ ለአባትም አይከፈትም።

"እሺ አባዬ" አልኩት። ሌላ ቃል ብጨምር ኖሮ እፊቱ አለቅስ ነበር።