ድንጋዩ የእናቴ ነው

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገርም አልችልም፤ ሱቅ ሄጄ የምፈልገውን እስክጠይቅ ከኋላዬ የመጣው ገዝቶ ይሄዳል። አምና ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የሆነውን የሰሙ ሁሉ ግን "እውነት አንቺ ነሽ?" እያሉ ይጠይቁኛል። አዎ፣ እኔ ነኝ። እንዴት እንደነበረ ራሴ ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ጌታሁን ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ጢም አላወጣም ነበር፤ ድምፁም ገና የልጅ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ጠፋ። በመካከሉ አንድ ደብዳቤ መጣ። አፍደም የምትኖረው እናታችን ማንበብ ስለማትችል ጎረቤት አነበበላት። እሷ ግን አላመነችም። "ይሄን ሌላ ሰው ነው የጻፈው። ሞቶ ነው የምትደብቁኝ" አለች። ነጠላዋን ጥቁር አስነክራ ልታለቅስ ተዘጋጀች።

እኔ ድሬዳዋ አክስቴ ቤት ነው የምኖረው። አምና በሙቀቱ ወር የጌታሁን ጓደኛ ለእረፍት ሲመጣ ካሴት ይዞልን መጣ። በአክስቴ ቴፕ፣ መብራት ላይ ሰክተን ሰማነው። ራሱ ጌታሁን ነው። አንዱን ገጽ ሙሉ ለእናቱ ያወራል።

አፍደም እናቴ ቤት መብራት የለም። ቴፑ ደግሞ አራት ትልልቅ ድንጋይ ይፈልጋል፤ በዚያ ሰሞን የባትሪ ድንጋይ ከከተማው ጠፍቶ ነበር። የቀበሌው ሱቅ የለም አለኝ። የቀፊራን ገበያ ከዳር እስከ ዳር ዞርኩ። በመጨረሻ እዚያው ሽቲ ቀሚስ የምትሸጠው ፋጡማ ፊቴን አይታ ከራሷ ሬዲዮ አራቱንም አውጥታ ሰጠችኝ።

"አባዮ፣ ግማሹን እኔ ዘፈን ሰምቼበታለሁ" አለችኝ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። "ቴፑ ውስጥ እንዳትተዪው፣ ዝም ብሎም ያልቃል። ለየብቻ ጠቅልዪው። ካሴቱን በቴፑ እንዳትመልሺ፣ በእስክሪብቶ አጠንጥኚው። ከመክፈትሽ በፊት ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጪው። እንደዚያ ካደረግሽ አንድ ገጽ ያደርስሻል። ሁለተኛ ግን ዋላሂ አይደግምም!"

ድንጋዮቹን እያንዳንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩ። በማግስቱ ጠዋት የአክስቴን ቴፕ ይዤ አፍደም በሚሄደው ባቡር ልሳፈር ጣቢያ ሄድኩ።

እዚያ መንገደኛ ሳይፈተሽ አይሳፈርም። ፈታሹ ቴፑን ገልብጦ የድንጋይ ቤቱን ከፈተ። ባዶ ነው።

"ድንጋዩ የታል?"

ደረቴን በእጄ ሸፈንኩ።

"ገና ከካርቶኑ የወጣ ነው። ኮንትሮባንድ ነው ይሄ።"

"ያገለገለ ነው" አልኩ፤ እሱ የሰማኝ አልመሰለኝም። ሰምቷል።

"ካገለገለ ይናገራላ! በይ አስናግሪው።"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ድንጋዮቹን ከደረቴ አወጣሁ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። "አቦ፣ ይቺ ደረቷ ውስጥ ጄኔሬተር አላት!" አለች አንዷ።

ካሴቱን ከፈትኩት። "እማዬ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ" አለ ጌታሁን። ወዲያው ላጠፋው እጄን ስሰድ ፈታሹ ከለከለኝ።

"ወታደር ነው? እንግዲያው ሙሉውን እሰማለሁ" ብሎ ሲጋራውን ለኮሰ።

ወንድሜ ያወራል። ስለ ብርዱ ያወራል፣ ስለ ጓደኞቹ ያወራል፣ ፍየሏ ወልዳ እንደሆነ ይጠይቃል። እኔ የማስበው ድንጋዩን ብቻ ነው። ፈታሹ የሚሰማው እያንዳንዱ ቃል ከእናቴ የሚወሰድ ነው። ፋጡማ አይደግምም ብላ ምላለች።

አጠፋሁት።

"ሰምተዋል። ይሠራል" አልኩ።

"ማን አጥፊ አለሽ?"

"ድንጋዩ የእናቴ ነው።"

ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ሴቶቹም መሳቃቸውን አቆሙ። አራቱን ድንጋይ አንድ በአንድ አውጥቼ በጨርቃቸው ጠቀለልኩ።

"ቴፑ እዚህ ይቀራል!" አለ።

"እንግዲያው እኔም እቀራለሁ" አልኩና በሩ ላይ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። ካልረገጠኝ በቀር ማንም አያልፍም።

ያቺ ስትስቅብኝ የነበረችው ሴት ጮኸች። "ጓድ፣ ፍየሏ ወለደች አልወለደች አንተ ምን አገባህ? ባቡሩ ሊሄድ ነው!" ሰልፉ በሙሉ ተከትሏት ጮኸ።

ፈታሹ ሲጋራውን ጣለ። ቴፑን ወደ እኔ ገፋና "ተነሺ፣ ሂጂ" አለኝ። ሳልፍ ዝቅ ባለ ድምፅ "ወንድምሽ የት ግንባር ነው?" ሲል ጠየቀኝ። ቴፑን አቅፌ ወደ ባቡሩ ሮጥኩ።

አክስቴ "ቢያስሩሽ ኖሮስ? ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?" እያለች እስከ ዛሬ ትቆጣኛለች። እኔ ግን አልተጸጸትኩም፤ ይቅርታም አልጠይቅም። አሁንም ሱቅ ስሄድ ድምፄ አይወጣም። ያ ሰው ነገ እንደገና ቢያቆመኝ ግን እንደገና እዚያው ሲሚንቶ ላይ እቀመጣለሁ።

ባቡሩ ውስጥ ከአንድ መንገደኛ እስክሪብቶ ተውሼ ካሴቱን እስከ መጀመሪያው አጠነጠንኩት። አፍደም ስደርስ ፀሐይዋ ገና ጠንካራ ነበረች። እናቴ ያስነከረችው ጥቁር ነጠላ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጥቁር ይበልጥ ይሞቃል ብዬ ደጅ ላይ ዘረጋሁትና ድንጋዮቹን በላዩ አሰጣኋቸው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ከፈትኩት።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

እናቴ አላለቀሰችም። ጆሮዋን ቴፑ ላይ ልትለጥፍ ምንም አልቀራትም። ስለ ፍየሏ ሲጠይቅ "ወልዳለች! መንታ!" ብላ መለሰችለት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

ወደ መጨረሻው ላይ ድንጋዩ ደከመ። ካሴቱ ቀስ ማለት ጀመረ፤ የጌታሁንም ድምፅ እየወፈረ፣ እየጎረነነ ሄደ። በዚያ ፈታሽ እንደገና ደሜ ፈላ። ጣቢያው ላይ የበላብኝ ይሄንን ነው።

ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ "ድንጋዩ አለቀ እኮ፣ ድምፁ ተበላሸ" አሉ። እኔም አፍሬ ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ። እናቴ እጄን መታችኝ።

"የምን ድንጋይ! ልጄ ጎርምሶ ነው። ተይው፣ ይናገርበት።"