የገብረጻድቅ ትከሻ

ባለቤቴ ገብረጻድቅ በአቃቂ ባቡር ጣቢያ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። አባቱም እዚያው ሐዲድ ላይ አርጅተዋል። ሰው በልጁ ይኮራል፣ በቤቱ ይኮራል፤ የእኔው ሰውዬ የሚኮራው ግን በቀኝ ትከሻው ነበር። ለዚህ ያበቃው አንድ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ነው።

ደርግ የግል መሣሪያ ሲሰበስብ ከየቤቱ የወጣው ጠመንጃ ሁሉ ሄደ። ያን ምንሽር ግን ቀበሌያችን ለአንድ ሥራ አስቀረው። ወንዙ ዳር የአትክልት ማኅበራችን ድንችና ቀይ ስር ይዘራ ነበርና፣ ማሳውን የሚፈነቅሉት ከርከሮዎች የሚገደሉት በእሱ ነበር። አብዛኛው ሰው አንዴ ተኩሶ ሁለተኛ አልነካውም። የሰደፉ ጫፍ ብረት ነው፤ ሲተኮስ ደግሞ እንደ በቅሎ ይራገጣል። ዱሬሳ የሚባለው የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ በሰፈሩ አለ የተባለ ግዙፍ ሰው፣ ተኩሶ በቂጡ ቁጭ ብሏል። ገብረጻድቅ ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ጠመንጃውን ከቀበሌ ተቀብሎ የሚተኩሰው እሱ ሆነ።

ተኩሶ ሲጨርስ ወንዶቹ እየመጡ በትከሻ ሰላም ይሉታል። ሰላምታ መሆኑ ቀርቶ፣ ፊቱ ይኮማተር እንደሆነ ለማየት ሆን ብለው ቀኙን ይገጩታል። እሱ እየሳቀ መልሶ ይገጫል። ቤት ሲገባ ሸሚዙን የማወልቅለት ግን እኔ ነኝ። ትከሻው ጠቁሮ፣ አብጦ አገኘዋለሁ። በሙቅ ውሃና በጨው እያሸሁለት፣

«ገብሬ፣ ከትከሻህና ከሰደፉ መሃል ጨርቅ ነገር ብታደርግበትስ?» እለዋለሁ።

«ሴት አደረግሽኝ እንዴ?»

«ሴት ብትሆንማ ይሄን ጊዜ ብልጥ ነበርክ» ብዬ ጠበቅ አድርጌ አሸዋለሁ። እንኳን ሊጮህ ትንፍሽ አይልም። ግትርነቱ ያናድደኛል፤ ግን አልዋሽም፣ ደስም ይለኝ ነበር።

እያደር ከርከሮ መሳት አመጣ። አንዴ በነፋሱ ያመካኛል፣ አንዴ በአሮጌው ጥይት። እኔ ስለ ጠመንጃ ምን አውቃለሁ? አመንኩት።

እኛ ሴቶቹ ጣሳ እየደበደብን ከርከሮዎቹን ከጥሻው እናስወጣለን፤ ከዚያ ከተኳሹ በስተግራ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ወጥተን እንቆማለን። እሱ የሚተኩሰው በስተቀኝ፣ ወደ ወንዙ ነው። ከጎኔ ሁልጊዜ የምትቆመው አሲያ ናት፤ የወሎ ሰው ናት፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ የኸሚስ ሚስት። የከርከሮውን ሥጋ እሷም አትበላ፣ እኔም አልበላ። ሁለታችንም የምንፈልገው ድንቻችን እንዲተርፍልን ብቻ ነበር።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተሰማ ራሱ ሊያይ መጣ። ገብረጻድቅ ዛሬም ከሳተ ጠመንጃው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተብሏል። እሱም ይህን ሰምቶ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

ጣሳችንን ደበደብን፤ አንድ ትልቅ ከርከሮ ወጥቶ ቀይ ስሩ መደብ ላይ ቆመ። እኛም ወደ ቦታችን ወጣን። ገብረጻድቅ ተንበርክኮ አነጣጠረና ቃታውን ሳበ። ቀጭ አለ። ጥይቱ ከሸፈ።

ጠመንጃው አልጮኸም፣ አልተራገጠምም። ገብረጻድቅ ግን ክፉኛ ደንግጦ ነበር። ዓይኑን ጭፍን አድርጓል፣ ትከሻው ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ አፈሙዙም ወደ ግራ ወደ እኔና ወደ አሲያ ዞሯል። ሁልጊዜ ጩኸቱና ርግጫው የሚሸፍኑለትን ነገር ያን ቀን የሚሸፍንለት ጠፋ።

ወንዶቹ ሳቁ። ጓድ ተሰማ ከርከሮው እንዳያመልጥ ቸኩሎ፣ «ጥይቱ ነው እንጂ አንተ ምን አጠፋህ? በል ቶሎ ሌላ አጉርስ!» ብሎ አዲስ ጥይት ሰጠው። ከጥይቱ ሌላ ማንም የጠረጠረው ነገር የለም። ከርከሮውም ምን ገዶት፣ ቀይ ስሩን ይቆረጥማል። ገብረጻድቅ ጥይቱን በእጁ እንደያዘ ቀና ብሎ ወደ እኛ አየ። እኔ «ተኩስ!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ጠመንጃውን እንዲነጠቅብኝ አልፈለግሁም፤ ምን ያህል እንደሚወደው አውቃለሁ።

ተነሣና ጥይቱንም ጠመንጃውንም ለሊቀመንበሩ መለሰ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ርግጫውን አልቻልኩትም» አለ፣ ሁሉም እየሰማ። «ገና ቃታ ሳልስብ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጥይቱ የት እንደሚሄድ አላውቅም።»

«ያ ሁሉ ትከሻ ለዚህ ነው?» አለ ዱሬሳ። ሳቁ እንደገና ተነሣ። አሲያ ብቻ ከጎኔ ቀስ ብላ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከርከሮው ጠግቦ ሄደ።

ወደ ቤት ስንመለስ ገብረጻድቅ ኋላ ኋላ ይላል። እኔም ዞር ብዬ፣

«ከመቼ ጀምሮ ነው ዓይንህን የምትጨፍነው?» አልኩት።

«ከካቻምና ጀምሮ።»

ባለሁበት ቀጥ አልኩ። ካቻምናም፣ አምናም፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እዚያ ከፍታ ላይ ነበርኩ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ፤ የያዝኩትን ጣሳ መሬት ላይ ወረወርኩት።

«እኔ የት እንደምቆም ታውቅ የለም እንዴ?»

«አውቃለሁ፣ ወርቅውሃ። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነው።»

«በሰው ሳቅ ልትለውጠኝ ነበር በለኛ!»

ያ ግትር ሰውዬ አንገቱን ደፋ።

«አዎ» አለ።

ከተጋባን ጀምሮ ሳይከራከረኝ ያመነው ያን ብቻ ነው። ይቅር ያልኩትም ለዚያች «አዎ» ስል ነው፣ ቶሎ ባይሆንም።