ለጀማሪ የሚሆን ገደል

ወልድያ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል በስፖርት አሠልጣኝነት የተቀጠርኩ ዕለት፣ ኃላፊዬ አቶ ጌታሁን አንድ ጥቅል ገመድ፣ ፊሽካና የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳ አስረከቡኝ። እኔ የጠበቅሁት ኳስ ነበር።

«ኳሱን የሚያሠለጥን አለ» አሉኝ። «አንቺ የእግር ጉዞ ቡድኑን ያዢ። ልጆቹ ተራራ መውጣት ሰልችቷቸዋል። በጠባብ ገደል ውስጥ ካልሄድን እያሉ ነው። ለጀማሪ የሚሆነውን መርጠሽ ንገሪኝ።»

ጠባብ ገደል ያሉት ከተራራው የሚወርድ ውሃ አለቱን ሰንጥቆ የሠራውን መተላለፊያ ነው። ከወልድያ ወደ መርሳ ሲወርዱ፣ በስተቀኝ ካለው ተራራ ሥር እንዲህ ያለ ብዙ አለ። አንዳንዱ ውስጥ እጅ ሲዘረጋ ግራና ቀኙን ግድግዳ ይነካል። ፀሐይ አይገባበትም፤ ድምፅ ያስተጋባል። ልጆቹ የሚወዱት ለዚህ ነው።

ልጆች ከማስገባቴ በፊት ከአንድ ባልደረባዬ ጋር እየሄድኩ አያለሁ። ከራሴ በላይ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ካለ፣ ውሃው እዚያ ድረስ ይሞላል ማለት ነው። የደከመው ልጅ መሀል ላይ በጎን መውጣት ይችላል ወይ? ከዘለሉ በኋላ መመለስ የማይቻልበት ቦታ አለ ወይ? ወፍራሙ ልጅ ቦርሳውን ሳያወልቅ ያልፋል ወይ? ውበቱን የማየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በሐብሩ ወረዳ በኩል ካለች አንዲት መንደር ግርጌ የሚነሱ ሁለት ገደሎች ነበሩ። ልጆቹ «ቀጭኑ» እና «ሰፊው» ብለው ስም አወጡላቸው። ቀጭኑ አጭርና የሚያምር ነው፤ ግን ከገቡበት እስከ መጨረሻው በጎን መውጫ የለውም። ሰፊው ረጅምና ድንጋያማ ነው፤ በግራው በኩል ግን አለቱ እንደ ደረጃ ተደራርቦ የሚወጡበት እርከን ሠርቷል። ሰፊውን መረጥኩ።

ልጆቹ አልወደዱልኝም። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ገደል ሳይሆን አስፋልት ነው» አለችኝ ቤዛ። ቤዛ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ከሁሉም ቀድማ መናገር ትወዳለች።

እንዳይሰለቻቸው አንድ ጨዋታ አመጣሁ። ፊሽካ ስነፋ ሁሉም እርከኑ ላይ ይወጣል፤ ጠንካራው ደካማውን ይስባል። የመጨረሻው ሰው ሳይወጣ ማንም አይቀመጥም። በየጉዞው እየተሳሳቁ ይጫወቱት ነበር።

ሁለቱም ገደሎች ከሚነሱበት አፋፍ ላይ አያ ይመር የሚባሉ አርሶ አደር ይኖራሉ። መጀመሪያ ቀን ሰላም ብያቸው ውሃው መቼ መቼ እንደሚመጣ ጠየቅኋቸው።

«እዚህ ሳይዘንብ ነው የሚመጣው» አሉኝ። «ላይ ተራራው ከጠቆረ፣ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም ልጆቹን አታስገቢ።»

ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ሳልጠይቅ ገብቼ አላውቅም።

የቤዛ አባት አቶ ካሳ መካኒክ ናቸው። አንድ ቀን እጃቸው ግሪስ እንደሆነ ማዕከሉ ድረስ መጡ። «ልጄን ገደል ለገደል የምታዞሪያት ምን ጎድሏት ነው?» አሉኝ። አብረውን እንዲመጡና እንዲያዩት ለመንኳቸው። በቆዳ ጫማቸው መጥተው፣ እያለከለኩ ሰፊውን ጨረሱት። መጨረሻው ላይ ጫማቸውን አውልቀው አሸዋውን እያራገፉ፣ «ይሁን፣ ትሂድ» አሉ።

ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ክረምት ነበር። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ሲቀርብ ሰው መውጣት ጀመረ። መኪና ያገኘ ወደ ደሴ ሄደ፤ ያላገኘ በእግሩ ወደ ገጠር ተበተነ። የቡድኔ ልጆች ወላጆቻቸውን እየመሩ ወደሚያውቋት መንደር፣ ወደ አያ ይመር ዘንድ ወጡ። እኔም አብሬ ነበርኩ። የመንደሩ ሰዎች ተከፋፍለው አስገቡን፤ ያላቸውን አካፈሉን።

ጥቂት ቀን እንደቆየን ተኩሱ ወደ መንደሩ ተጠጋ። ቤዛ ለብቻዬ ጠራችኝ።

«ቲቸር፣ የአባዬ ኢንሱሊን ነገ ያልቃል።»

አቶ ካሳ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን ያኔ ነው ያወቅሁት። መድኃኒት መርሳ እንደሚገኝ፣ ከመርሳ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም እንዳልተዘጋ ሰምተናል። የሸንተረሩ መንገድ ግን ተኩስ ነበረበት። የቀረን በገደል መውረድ ነው፤ በክረምት ደግሞ ልጆች አስገብቼ አላውቅም።

«በቀጭኑ እንውረድ» አሉ አቶ ካሳ። «አጭሩ እሱ ነው።»

«አጭር ነው። ውሃ ቢመጣ ግን የምንወጣበት የለም።»

«እኔ ረጅሙን የምችለው ይመስልሻል?»

«ይዘንዎት እንሄዳለን፣ አቶ ካሳ።»

እንደዚያ አልኩ እንጂ እርግጠኛ አልነበርኩም። እግራቸው አብጦ ነበር። አያ ይመር ደመናውን ሲያዩ ቆይተው ወደ እኛ ዞሩ።

«ጠዋት ነው የሚሻለው። እኔ በአፋፉ እከተላችኋለሁ። ውሃ ሳይ እጣራለሁ።»

«አፋፉ ላይ እኮ ይታያሉ፣ አያ ይመር። ይመቱዎታል» አልኳቸው።

«የማውቀው መሬት ነው። ጎንበስ ብዬ እሄዳለሁ።»

በማለዳ፣ ከወልድያ ይዤ የወጣሁትን ገመድና ፊሽካ አንግቼ፣ ሰፊው ውስጥ ገባን። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። ለእያንዳንዱ ትልቅ ሰው አንድ የቡድኑን ልጅ መደብኩ። ቤዛ አባቷን ክንዳቸውን ይዛ የት እንደሚረግጡ እያሳየች ትሄዳለች። ድምፃችን አስተጋብቶ እንዳያጋልጠን ማንም አያወራም።

መሀል ላይ ስንደርስ ከላይ ድምፅ ሰማን። «ውሃ! ውሃ መጣ!»

ፊሽካዬን ነፋሁ። ልጆቹ ምንም እስክላቸው አልጠበቁም። ወደ እርከኑ ወጡ፤ እናቶቻቸውን በእጅ ሳቡ፤ ሕፃናቱን ተቀባበሉ። አቶ ካሳ መጨረሻ ቀሩ። እኔ ከላይ ገመዱን ስስብ፣ ቤዛና አንዲት ጓደኛዋ ከታች ሆነው ገፏቸው፤ ከዚያ እነሱም ወጡ። ወዲያው የአፈር ሽታ መጣ። ቀጥሎ ጭነት መኪና በኮረኮንች መንገድ እንደሚሄድ ያለ ድምፅ ሆነ፤ ጎርፉ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ከእግራችን ሥር አለፈ።

አቶ ካሳ ጎርፉን ቁልቁል አዩት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ቤት መጥተሽ አስፋልት ነው ያልሽኝ ይሄንን ነው?» አሏት። ቤዛ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

ያን ጊዜ ከአፋፉ በኩል ተኩስ ሰማን። አያ ይመር ደግመው አልተጣሩም።

ውሃው ሲጎድል ወረድን፤ ሳይመሽ መርሳ ገባን። አንዲት ነርስ ለአቶ ካሳ መድኃኒቱን ፈልጋ ሰጠቻቸው። በማግስቱ አንድ አይሱዙ ሁላችንንም ወደ ደሴ ጫነን። በሕይወት ተርፈናል፤ እኔ ግን አያ ይመርን እያሰብኩ እህል አልበላ አለኝ። ስልክ ተቋርጧል፣ የምጠይቀው ሰው የለም።

መንገዱ ተከፍቶ ወልድያ ስንመለስ ከአቶ ካሳና ከቤዛ ጋር ወደ መንደሩ ወጣን። አያ ይመር የፈረሰ ካብ ይክቡ ነበር። ቀና ብለው አዩንና፣ «በደኅና ደረሳችሁ?» አሉን፣ ትናንት እንደሸኙን ሁሉ። አቶ ካሳ ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲያጎነብሱ አያ ይመር በሁለት እጃቸው ያዟቸው።

«ተው እንጂ ካሳ። እጣራለሁ ብዬ ነበር፤ ተጣራሁ፤ ሲተኩሱ አለት ሥር ገባሁ። በቃ።»

ማዕከላችን ተዘርፎ ነበር፤ ኳስ እንኳ አልቀረም። አቶ ጌታሁን ግን ቀድመው ያነሱት የልጆቹን ነገር ነው። «በር ሲዘጋ የሚደነግጥ ልጅ በዝቷል። ጉዞውን ጀምሪላቸው» አሉኝ። በጋው ሳያልቅ አዲሶቹን ልጆች ወደ ሰፊው ልወስዳቸው አስቤ መጀመሪያ አያ ይመር ዘንድ ሄድኩ።

«ሰፊው አይሆንም» አሉኝ። «ታች መውጫው ላይ ያልፈነዳ ነገር አለ። የሚያነሱት ሰዎች ይመጣሉ ተብሏል፤ እስከዚያ ማንም አይግባ።»

ሳልጠይቃቸው ብገባ ኖሮ ብዬ እያሰብኩ ብዙ ተቀመጥኩ። በኋላ ለመርሳ የሚቀርብ፣ የአካባቢው ሰዎች በየቀኑ የሚመላለሱበት ሌላ አጭር ገደል አገኘሁ። ከእነሱ ጋር ከዳር እስከ ዳር ሄጄ አየሁት፤ ከዚያ ልጆቹን አመጣሁ። ሲገቡ የገዛ ኮቴያቸው ሲያስተጋባ እየደነገጡ ተጠጋጉ። ቆይቶ አንዷ ስሟን ጮክ ብላ ጠራች። ግድግዳው መለሰላት። ሌሎቹም ተከተሉ። ረዳቴ ሆና ከኋላ የምትመጣው ቤዛ አላስቆመቻቸውም፤ እኔም አላስቆምኳቸውም።

አሁን ቡድን ለምትረከቡ አሠልጣኞች የምለው ይህን ነው። አምና የመረጣችሁት ገደል ለዘንድሮ አልተመረጠም። ከየጉዞው በፊት በአፋፉ ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ጠይቁ። አይሆንም ካሏችሁ አትግቡ።