ቁልፍ ያንጠለጠሉት ሽማግሌ

ፒያሳ፣ ውል የሚጸድቅበት ቢሮ፣ አግዳሚው ላይ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ በዚያ ሙቀት የሱፍ ካፖርት ለብሰዋል። ከአንገታቸው በክር ያንጠለጠሉትን የቤት ቁልፍ ደጋግመው ይዳብሳሉ። ባለቤቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲሁ ያደርግ ነበር።

«ቤቱን ሐይቁ ዳር ስንሠራው ጉማሬ የሚግጥበት ሜዳ ነበር፤ ዛሬ ዙሪያው ሆቴል ሆነ» አሉኝ።

አጠገባቸው የቆመው ልጃቸው ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ ዛሬ በስጦታ ካላዛወሩልኝ ነገ የቤቱ ግምት ይጨምርና ግብሩ ይበላኛል» አላቸው።

«በቁሜ ልትወርሰኝ?»

«ኧረ አባባ! ወረቀት ነው እኮ፤ ከቤትዎ ማን ያስወጣዎታል?»

ተነሥተው ፈረሙ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ፣ «አባት፣ እርስዎ አሁን የሚኖሩት የት ነው ልበል?» አለቻቸው።

ቁልፋቸውን እንደ ጨበጡ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የት ልበላት፣ ልጄ?»

ልጁ አልሰማቸውም። በር ላይ ቆሞ ከደላላ ጋር በስልክ ዋጋ ይከራከራል።