ጉንዳን ያልመጣ ቀን

«አንቺ ልጅ፣ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ ብለሽ ምላስሽ ምላጭ ሆነ! መርፌውን ትቼዋለሁ አልኩሽ። ሽንቴ ላይ ጉንዳን ካልመጣ ስኳሩ ለቆኛል» አሉኝ አክስቴ እትዬ ብርቄ። ጎሬ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦ፣ የጓሮው እርጥብ አፈር በበሩ ይሸታል።

አባቴንም ስኳር ይዞት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከቡናው ሥር ሸንቶ ሲመለስ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሂጂ እዪልኝ፤ ዛሬም ጣፍጫለሁ?» ይለኛል። ሰው እንዴት እንደሚጣፍጥ ሳይገባኝ ሮጬ፣ ቁጢጥ ብዬ ጉንዳኖቹን አያለሁ። ከተሰበሰቡ፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከእንስራው ሥር ካለው እርጥብ አሸዋ ያወጣና መርፌውን ይቀቅላል።

አንድ የክረምት ጠዋት ጉንዳን ጠፋ። «አንድም የለም!» ብዬ እየዘለልኩ ነገርኩት። ሳቀና አቅፎ አነሣኝ። «እንግዲህ መረርኩልሽ» አለ። መርፌው ሳይቀቀል ዋለ፤ በማግስቱም፣ በሠልስቱም። በቃሬዛ መቱ ሆስፒታል ሲያደርሱት ራሱን አያውቅም ነበር፤ እዚያው አረፈ። ጉንዳኑን ያባረረው ዝናቡ መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

«እትዬ፣ በዝናብ ጉንዳን ከጉድጓዱ አይወጣም» አልኳቸው።

በሩን፣ ከዚያ እኔን አዩ። «እና ምን ላድርግ?»

«ነጠላዎን ይልበሱ።»

ጃንጥላዬን አንሥቼ፣ ለመቱ መኪና ሁለት ቦታ ልይዝ ወጣሁ።