ገሱባ ላይ ዕርቅ የወረደበት ቀይ ካርድ

«ይቅርታዬ ታዲያ ምን ረባ?» ሲል መምህር ደረጀ የጠየቀኝን እስከ ዛሬ በቅጡ አልመለስኩም።

ማለዳ ከሶዶ ወደ ገሱባ የተነሣሁት የወረዳ መምህራን ዋንጫ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ነው። የገሱባው አጥቂ መምህር ማርቆስ በግማሽ ፍጻሜው የተበላ ከተማ ቡድን ተከላካይ የሆነውን ደረጀን በክርኑ መትቶ ቀይ ካርድ አይቷል። ፍጻሜውን አንድ የክለብ አሠልጣኝ ሊመለከት ይመጣል፤ የማርቆስ ዕድሜ ደግሞ ሌላ ዓመት አይጠብቅም። ገሱባዎች «ስሙን» ስላሉ ልሰማቸው ሄድኩ።

የዳሞታን ተራራ ጉም ሸፍኖታል። አስፋልቱ ሲያልቅ ሚኒባሱ በእንሰቱ መሀል እየተንገጫገጨ ወረደ። ገሱባ ስደርስ ቦዬ የሚሉትን ትኩስ የተቀቀለ ሥራሥር ከዳጣ በርበሬ ጋር አቀረቡልኝ፤ ጉዳዩ ሳያልቅ መብላቱ ተገቢ ስላልመሰለኝ ይቅርብኝ አልኩ።

ከዛፍ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ማርቆስና ደረጀ ጎን ለጎን ናቸው፤ ደረጀ ከተበላ ድረስ የመጣው ይቅር ማለቱን በራሱ አፍ ሊነግረኝ ነው። ከትናንት ወዲያ ታርቀው ከአንድ ገበታ በልተዋል።

«ልጄ፣» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባባ ቦልታ፣ «ማርቆስ በመጀመሪያ ዙር ያየውን ቢጫ ደንባችሁ ራሱ ሰርዞለታል። ቀዩን ደግሞ እኛ በዕርቅ ሰረዝነው።»

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነውና ያነበብኩትን አልለቅም። ውድድራችን በዓለም ዋንጫው ደንብ እንደሚመራ አስረዳሁ፦ በሁለት ጨዋታ ሁለት ቢጫ ያየ አንድ ጨዋታ ያርፋል፤ ነጠላ ቢጫ ከሩብ ፍጻሜ በኋላ ይሰረዛል፤ ቀይ ግን የሚቀጥለውን ጨዋታ ያስቀራል፣ ያንን ማንም አያነሣም፤ ኮሚቴው መጨመር እንጂ መቀነስ አይችልም።

«የዓለም ዋንጫ ሽማግሌ የለውም እንዴ?» አሉ አባባ ቦልታ። ሰዉ ሳቀ፤ ማርቆስ አልሳቀም። ደረጀ ያንን ጥያቄውን የጠየቀኝ ያኔ ነው።

ከሰዓት ሶዶ ተመልሼ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። አብዛኞቹ በአንዱ ጨዋታ ቅጣት ላይ ሌላ ሁለት ጨዋታ ሊጨምሩ ነበር። ደረጀ ያለውን ቃል በቃል ነገርኳቸው፤ ቅጣቱ በአንዱ ጨዋታ ብቻ ጸና። የስብሰባ ቃል ከክፍሉ አይወጣምና ይህን ለደረጀ አልነገርኩትም። ማርቆስ ፍጻሜውን ከገመዱ ውጪ ቆሞ አየ፤ አሠልጣኙም ሌላ ልጅ መርጦ ሄደ። ደንብ ልክ ሆኖም ሰው እንደሚጎዳ የተማርኩት በዚያ መንገድ ነው።

ኮሚቴው በተበተነ ሰሞን ተበላ ገበያ ላይ ደረጀን አገኘሁትና ነገርኩት፤ ይቅርታው የሁለት ጨዋታ ተጨማሪ ቅጣት እንዳስቀረ።



«ለማርቆስ ግን፣ እትዬ፣» አለኝ፣ «ያቺ አንዷ ጨዋታ ብቻ ነበረችው።»